ወርቁ የዳኛ ስጦታ አልነበረም፦ ስለ ክሪስቲና ፎግል ለወጣው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ስለ ጀርመናዊቷ የትራክ ብስክሌተኛ ክሪስቲና ፎግል በአማርኛ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ብዙ ሰው ዘንድ ደርሷል። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። የ2012ቱን የለንደን ኦሎምፒክ ወርቅ ዳኞች ከቻይናዎች ወስደው ሰጧት። ስፕሪንት (አጭሩ የፍጥነት ውድድር) የእግር ጉልበት ብቻ ነው። በ2016ቱ የሪዮ ኦሎምፒክ ኮርቻዋ እየተነቀለ ያሸነፈችው በዕድል ነው። 11 የዓለም ሻምፒዮና ድሎቿ ተቀናቃኝ በጠፋበት ዘመን የተለቀሙ ናቸው። በ2018 የደረሰባት አደጋ ፍሬን በሌለው ብስክሌት በመጋለቧ የመጣ ነው። ክብረ ወሰኗም የከፍታ ቦታ አየር የሰጣት ነው። በመሐል ደግሞ ለሜዳሊያ ስትል ከኪርጊዝስታን ወደ ጀርመን የዞረች አስመስለዋታል።

ስለዚህ ስፖርት በአማርኛ የሚጻፈው ከስንት አንዴ ነው። የተጻፈው ስህተት ይዞ ከወጣ አንባቢ የሚያመሳክርበት ሌላ ነገር በቀላሉ አያገኝም። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ እንመልሳለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከዜግነቱ እንጀምር፤ ረጅም ክርክር አያስፈልገውም። ፎግል ኅዳር (ኖቬምበር) 10 ቀን 1990 በዚያን ጊዜዋ የኪርጊዝ ሶቪየት ሪፐብሊክ ተወለደች። ቤተሰቧ ወደ ጀርመን ሲገባ ገና የስድስት ወር ሕፃን ነበረች። ብስክሌት የጀመረችው ቱሪንገን በሚባለው የጀርመን ክፍለ ሀገር ነው፤ ያሠለጠናትም የኤርፉርት ከተማ ነው። የስድስት ወር ሕፃን ለሜዳሊያ ብላ አገር አትቀይርም።

አሁን ወደ ለንደን። ጸሐፊው አንድ እውነት ይዘዋል። ነሐሴ (ኦገስት) 2 ቀን 2012 በተደረገው የሴቶች የቡድን ስፕሪንት ፍጻሜ ቻይናዎቹ ጎንግ ጂንጂዬ እና ጉዎ ሹዋንግ መስመሩን በ32.619 ሰከንድ ሲያልፉ ፎግል እና ጓደኛዋ ሚሪያም ቬልተ በ32.798 ነው የገቡት። ፈጥነው የገቡት ቻይናዎቹ ናቸው፤ ይህን ማንም አይክድም። ጸሐፊው የሳቱት ውድድሩ የሚለካው በሰዓት ብቻ አለመሆኑን ነው።

በዚያን ጊዜ የሴቶች የቡድን ስፕሪንት በሁለት ሰው የሚሮጥ የሁለት ዙር ውድድር ነበር፤ በ250 ሜትር ትራክ ላይ 500 ሜትር ማለት ነው። ከ2021 ወዲህ ሴቶቹም እንደ ወንዶቹ ሦስት ሆነዋል። ቀዳሚዋ የኋላ ጎማዋ በመነሻ ማሽን ተይዞ ትቆማለች፤ ቆጠራው ዜሮ ሲደርስ ማሽኑ ይለቃታል። ተከታይዋን ረዳት ከጎን ደግፎ ይይዛታል። ቀዳሚዋ የመጀመሪያውን ዙር ሙሉውን መምራት አለባት። በቀጥተኛው መንገድ መካከል ያለው መስመር ላይ ስትደርስ ወደ ላይ ትወጣለች፤ ተከታይዋ ከሥሯ አልፋ ሁለተኛውን ዙር ብቻዋን ትጨርሳለች። በጀርመን ቡድን ቀዳሚዋ ቬልተ፣ ጨራሿ ፎግል ነበሩ።

ቅብብሉ ላይ ነው ነገሩ የሚበላሸው። ተከታይዋ ከቀዳሚዋ ጀርባ በጣም ከተጠጋች መስመሩ ጋ ሳይደረስ ፍጥነቷ ይበልጥና ወይ ጎማ ትነካለች ወይ እግሯን ትይዛለች። በጣም ከራቀች ደግሞ ነፋስ የሚከልላት ሰው ታጣለች። ትክክለኛው አሠራር ከኋላ ትንሽ ክፍተት ትቶ፣ የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ወደ ክፍተቱ ውስጥ እየፈጠኑ ገብቶ፣ ከፍተኛውን ፍጥነት ልክ መስመሩ ላይ ማግኘት ነው። ቀዳሚዋ አንድ እርምጃ ቀድማ ከወጣች ወይም ተከታይዋ መስመሩ ሳይደርስ ካለፈቻት ቡድኑ ደንብ ጥሷል። ትርፉን አስሉት፦ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ላይ ግማሽ ብስክሌት፣ ማለትም 80 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ወደ 0.05 ሰከንድ ይሆናል። ሜዳሊያ በዚህ በሚለይበት ውድድር ትንሽ ነገር አይደለም፤ ደንቡ የተጻፈውም ለዚህ ነው።

በዚያው ቀን፣ ከፍጻሜው በፊት በነበረው ዙር፣ ይኸው ስህተት የእንግሊዞቹን የቪክቶሪያ ፔንድልተንን እና የጄስ ቫርኒሽን ቡድን ከወርቅ ፉክክር አስወጥቶታል። ዳኞቹ አስተናጋጇን አገር በራሷ ሕዝብ ፊት ከውድድር ያወጡ ናቸው። ጀርመኖች ለፍጻሜ የደረሱትም በዚያ በተከፈተው ቦታ ነው። በፍጻሜው ቻይናዎቹ ላይ የተፈጸመው ያው ደንብ፣ በዚያው መለኪያ ነው፤ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ዝቅ ተደረጉ፣ ብሩን ወሰዱ። በዚያ ቀን በቅብብል ያልተቀጡት ጀርመኖች ወርቁን አገኙ። በሩጫው ዓለም ዱላውን ከተፈቀደው ክልል ውጭ የተቀባበለ ቡድን ሲሰረዝ ቀጥሎ የገባው ወርቁን ሰረቀ የሚል ሰው አይገኝም።

ደግሞ ጀርመኖቹ ከየትም የመጡ አልነበሩም። ከአራት ወር በፊት፣ ሚያዝያ (ኤፕሪል) 4 ቀን፣ ሜልቦርን ላይ በ32.549 የዓለም ክብረ ወሰን ሰብረው የዓለም ሻምፒዮና ሆነዋል። ለንደን ላይ ቻይናዎቹ ያንን ወደ 32.422 አወረዱት። ታኅሣሥ 2013 ፎግል እና ቬልተ አጓስካሊየንቴስ፣ ሜክሲኮ ላይ 32.153 ገቡ። በዚሁ ዓይነት ውድድር በ2012፣ በ2013፣ በ2014 እና በ2018 የዓለም ሻምፒዮና ሆነዋል። ይህን ያህል ዓመት ዳኛ ብቻውን ማንንም አያሸንፍም።

ስፕሪንት የእግር ጉልበት ብቻ ነው ለሚለው መልሳችን፦ በማጣሪያው ግማሹ እውነት ነው፤ በፍልሚያው ግን አይደለም።

በማጣሪያው ብስክሌተኛዋ ብቻዋን ትሮጣለች። በ250 ሜትር ትራክ ሦስት ዙር ተኩል ይሰጣታል፤ የሚለካው የመጨረሻው 200 ሜትር ብቻ ነው። ቀስ እያለች ወደ ላይኛው አጥር ትወጣለች፤ ከዚያ ከተዳፋቱ ላይ ወደ ታች ወርውራ ጥቁሩን መስመር ትይዛለች። ዘግይታ ከወረደች መለኪያው ሲጀምር ገና እየፈጠነች ነው፤ ቀድማ ከወረደች የመጨረሻው 50 ሜትር ላይ እግሯ ይሞታል። ጥቁሩ መስመር ከትራኩ የውስጥ ጠርዝ 20 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው፤ የዙሩ ርዝመት የተለካው እሱ ላይ ስለሆነ ከእሱ በላይ የተነዳ እያንዳንዱ ስንዝር ትርፍ መንገድ ነው። ጎበዝ እግር ይዞ መታጠፊያው ላይ ከእሱ በላይ ወዳለው ቀይ መስመር የሚንሳፈፍ ሰው ማጣሪያውን እዚያው ይከስራል።

የማርሹ ምርጫም አለ። የትራክ ብስክሌት አንድ ማርሽ ብቻ ነው ያለው፤ በመሐል መቀየር የለም። ለምሳሌ ከፊት 54 ጥርስ፣ ከኋላ 14 ጥርስ ቢታሰር ጎማው በአንድ የፔዳል ዙር 3.86 ጊዜ ይዞራል። የጎማው ዙሪያ 2.1 ሜትር ገደማ ስለሆነ በአንድ ዙር 8.1 ሜትር ያህል ይኬዳል። በሰዓት 69 ኪሎ ሜትር ለመሄድ በደቂቃ 142 ጊዜ ያህል ማዞር ይጠይቃል። የፊቱ በ49 ቢተካ ያው ፍጥነት 157 ዙር ይፈልጋል። ከባዱ ማርሽ ለብቻ ሩጫ ይመቻል፤ ነገር ግን ተቀናቃኝ በድንገት ስትፈነጠር ለመከተል ይዘገያል። ቀላሉ ማርሽ ለመፈንጠር ይፈጥናል፤ መጨረሻ ላይ ግን እግር ባዶ ይሽከረከራል። ስለዚህ መካኒኩ በዙሮች መካከል ጥርሱን ይቀይራል፤ የኋላውን ጎማ ወደ ኋላ ስቦ ካቴናውን ይወጥራል፤ ሁለቱን ዳዶዎች ያጠብቃል። ካቴናው መሐሉ ላይ በጣት ሲገፋ ወደ ላይና ወደ ታች በጠቅላላ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ቢንቀሳቀስ ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ ከላላ ሊወጣ ይችላል። ፔዳሉ ከጎማው ጋር አብሮ በሚዞር ብስክሌት ላይ ካቴና ከወጣና ከተጠላለፈ ጎማው ይቆለፋል፤ ያ ደግሞ ውድቀት ነው። ከመጠን በላይ ከተወጠረ በእያንዳንዱ ዙር የሚይዝበት ቦታ ይፈጠራል፣ ጉልበት ይበላል።

ፍልሚያው ደግሞ ሌላ ነው። ሁለት ሰው፣ ሦስት ዙር፤ ከሩብ ፍጻሜ ጀምሮ ከሦስት ሩጫ ሁለቱን ያሸነፈ ያልፋል። የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ለማያውቅ ሰው የእግር ጉዞ ይመስላሉ። በውስጥ በኩል የወጣላት ከፊት እንድትሆን ትገደዳለች፤ ስለዚህ አንገቷን አዙራ ወደ ኋላ እያየች ነው የምትነዳው። የፊተኛዋ ፍላጎት ተቀናቃኟን ከአጥሩ ጋር አጣብቃ ከላይ ወደ ታች የመወርወሪያ ቦታ ማሳጣት ነው። የኋለኛዋ ፍላጎት ሁለት ሦስት ብስክሌት ያህል ክፍተት ማግኘት ነው፤ ያንን ክፍተት እየፈጠነች ትዘጋና ነፋስ በተከለለችበት ፍጥነት ጎን ለጎን ትወጣለች። ከጠርዙ 85 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ያለው ቀይ መስመር የመጨረሻው ፉክክር ሲጀመር ሕግ ይሆናል፦ ከእሱ በታች ገብታ የምትመራዋ ከዚያ መውጣት የለባትም፤ ሌላዋም ከውስጥ ሳይሆን በውጭ ዞራ ነው ማለፍ ያለባት። በውጭ መዞር ረጅም መንገድ ነው። ስለዚህ ማን ቀድሞ እዚያ ገባ፣ በምን ፍጥነት፣ ሌላዋን ከየት አስነሥቶ የሚለው ከእግር ጉልበት ያላነሰ ይወስናል። ፎግል በ2014፣ በ2015፣ በ2017 እና በ2018 በዚህ ውድድር የዓለም ሻምፒዮና የሆነችው ይህን ስለምታውቅ ነው። የቀሩት ሦስት ድሎቿ፣ የ2014፣ የ2016 እና የ2017፣ በኬይሪን ናቸው፤ በሞተር ከሚመራ የስድስት ሰው ግፊያ ውስጥ ቦታ ጠብቆ መውጣት ማለት ነው። አራት፣ አራት፣ ሦስት፤ 11።

የሪዮው ኮርቻ። ነሐሴ 2016 ፎግል እንግሊዛዊቷን ቤኪ ጄምስን በፍጻሜው ሁለት ለባዶ አሸነፈች። በሁለተኛው ሩጫ መስመሩ ላይ ኮርቻዋ ተነቅሎ ወደቀ። ጸሐፊው ኮርቻው የተነቀለው በመሐል መንገድ ሆኖ ተቀናቃኟ በድንጋጤ የዘገየች ያስመስሉታል። ቅደም ተከተሉ እንደዚያ አይደለም። ስፕሪንተር መስመሩ ላይ ስትደርስ ብስክሌቱን ወደ ፊት ትወረውራለች፦ ክንዷን ሙሉ በሙሉ ትዘረጋለች፣ ዳሌዋን ከኮርቻው ኋላ ታወጣለች፣ የፊት ጎማዋ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ቀድሞ ይገባል። ያ ውርወራ በደንብ የተደረገ እንደሆነ የሰውነት ክብደት ኮርቻው ጀርባ ላይ በድንገት ያርፋል። ኮርቻው የወደቀው በዚህ ቅጽበት ነው፤ ድሉ ያኔ ተወስኗል። ዕድል ከተባለ ዕድሉ ከዚያ በኋላ ሳትወድቅ መቆሟ ነው፤ ያም ቢሆን ፔዳሉ በማይቆም ብስክሌት ላይ ያለ ኮርቻ ቆሞ ፍጥነት ማብረድ የሰውነት ቁጥጥር ይጠይቃል።

ለአንባቢ የሚጠቅም ነገር እንጨምር። ኮርቻ የሚነቀለው አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱን የሥር ዘንጎች የሚይዘው መያዣ ላይ ነው። ቡሎኑ ከፋብሪካው ልክ በታች ከጠበቀ ኮርቻው በክብደት ይሸራተታል፤ ከልክ በላይ ከጠበቀ ዘንጉን ወይም ቡሎኑን ይሰነጥቃል፣ ስንጥቁም በመጨረሻው ግፊት ይበጠሳል። በዓይን መገመት አይበቃም፤ የማጥበቂያ ኃይል በሚለካ ቁልፍ መያዝ፣ ከእያንዳንዱ ውድድር በፊት ኮርቻውን ከጫፉና ከጀርባው በእጅ ተጭኖ መፈተሽ ነው። የፎግል ኮርቻ በየትኛው ምክንያት እንደተነቀለ ከውጭ ሆኖ መፍረድ አይገባም፤ ጸሐፊው ግን ፈርደዋል።

ተቀናቃኝ አልነበረም? ፔንድልተን ከለንደን በኋላ ተሰናብታለች፤ እውነት ነው። ነገር ግን በዚያው ዘመን አውስትራሊያዊቷ አና ሜርስ በ2015 ኬይሪንን አሸንፋ 11ኛ የዓለም ድሏን አግኝታለች፤ ፎግል በ2018 የደረሰችበት ቁጥር ይህ ነው። በ2013 የስፕሪንቱ ሻምፒዮና ቤኪ ጄምስ ነበረች፤ በ2016 ቻይናዊቷ ዦንግ ቲያንሺ። በሪዮ ኬይሪኑን የወሰደችው የኔዘርላንድስዋ ኤሊስ ሊግትሊ ናት። በ2018 ኬይሪኑን ቤልጂየማዊቷ ኒኪ ደግሬንደሌ ወሰደች። ለንደን ላይ በግል ስፕሪንት ፎግል ራሷ አራተኛ ነበረች። ማንም በሌለበት የምትሮጥ ሴት ይህን ያህል ጊዜ አትሸነፍም። ሽንፈቶቿ እንዲቀሩ ስለተደረጉ ነው ድሎቿ ቀላል የመሰሉት።

አሁን አደጋው፤ ጽሑፉ ከሁሉ በላይ የበደላት እዚህ ላይ ነው።

ሰኔ (ጁን) 26 ቀን 2018 ፎግል በኮትቡስ ከተማ ክፍት የሲሚንቶ ትራክ ላይ ልምምድ ላይ ነበረች። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ገደማ እየነዳች ሳለ ከቆመበት ለመነሣት ይለማመድ ከነበረ ሌላ ብስክሌተኛ ጋር ተጋጨች። የጀርባ አጥንቷ በሰባተኛው የደረት አከርካሪ ላይ ተሰብሮ ኅብለ ሰረሰሯ ተቆረጠ። ከዚያ ወዲህ ከደረቷ በታች መንቀሳቀስ አትችልም። በመስከረም ወር በርሊን ላይ፣ በታከመችበት ሆስፒታል፣ በተሽከርካሪ ወንበር ሆና ጋዜጠኞች ፊት ቀርባ ሁኔታዋን ራሷ ተናገረች።

ጸሐፊው ፍሬን የሌለው ብስክሌት መንዳቷን እንደ ግድየለሽነት ቆጥረውታል። ፍሬን የሌለው የእሷ ብስክሌት ብቻ አይደለም፤ ደንቡ የሁሉንም ይከለክላል፣ ምክንያትም አለው። በትራክ ላይ ብስክሌተኞች አንዱ የሌላውን የኋላ ጎማ በስንዝር ርቀት ተከትለው ነው የሚሄዱት። አንዱ ድንገት ፍሬን ቢይዝ ከኋላ ያለው ሁሉ ይደረመሳል። ሁሉም ፔዳሉን በእግር እየተቃወመ ቀስ ብሎ ብቻ መብረድ ሲችል ግን የሁሉም እንቅስቃሴ አስቀድሞ ይገመታል።

ፍሬን ቢኖርስ ያድናት ነበር? እናስላ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር በሰከንድ 16.7 ሜትር ነው። አይቶ፣ ተገንዝቦ፣ እጅ እስኪንቀሳቀስ አንድ ሰከንድ ቢፈጅ 17 ሜትር አለፈ። ከዚያ ጥሩ የመንገድ ብስክሌት ፍሬን በደረቅ መሬት ላይ ለመቆም ከ25 እስከ 30 ሜትር ይፈልጋል። በድምሩ ወደ 45 ሜትር። በሙሉ ጉልበት የሚነዳ ስፕሪንተር ደግሞ አንገቱን ደፍቶ ጥቂት ሜትር ብቻ ነው ከፊቱ የሚያየው፤ ያለዚያ ነፋሱን አይሰብርም። በዚያ ላይ ከቆመበት የሚነሣ ሰው የሚቆመው ከታች፣ ጥቁሩ መስመር አጠገብ ነው፤ ፈጣኑ ሰው የሚይዘውም ያንኑ መስመር ነው። የቆመና በ60 የሚመጣ አንድ መስመር ላይ ከተገናኙ ፍሬን መፍትሔ አይሆንም።

የሚያድነው የልምምድ ሥርዓት ነው። ከቆሙበት መነሣትንና የሙሉ ፍጥነት ልምምድን በሰዓት መለየት። መለየት ካልተቻለ ብስክሌቱ መስመሩ ላይ ከመቆሙ በፊት ሁለቱንም መታጠፊያ የሚያይ አንድ ሰው ፊሽካ ይዞ ማቆም። ዝግተኞችን ከቀዩ ከፍ ብሎ ካለው ሰማያዊ መስመር በላይ ማድረግ። ከላይ ወደ ታች ከመውረድ በፊት በትከሻ በላይ ዞሮ ማየት። ከፊት ያለው መስመር ሲለቅ ከኋላ የሚመጣው ምን እንደሚገጥመው አስቀድሞ መጮህ። ለኮትቡሱ አደጋ ጥፋተኛ መሰየም የእኛ ሥራ አይደለም፤ ተጎጂዋን ጥፋተኛ ማድረግ ግን የማንም ሥራ መሆን የለበትም።

ጽሑፉ ጨርሶ ያላነሣው ሌላ አደጋም አለ። በ2009፣ ገና የ18 ዓመት ልጅ ሳለች፣ በመንገድ ላይ ስትለማመድ ሚኒባስ ገጭቷታል። ሁለት ቀን ሰመመን ውስጥ ነበረች፤ መንጋጋዋ፣ እጇ እና አከርካሪዋ ተሰብረው ነበር። ለንደን የሄደችው ከዚያ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ለመጀመሪያ ድሎቿ የተከፈለውን ሳያነሡ ስለ ዕድል ማውራት ትክክል አይደለም።

የቀረው ስለ ክብረ ወሰኑ ነው። ታኅሣሥ (ዲሴምበር) 7 ቀን 2013 ፎግል 200 ሜትሩን በ10.384 ሰከንድ ስትሮጥ አጓስካሊየንቴስ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ መሆኗ እውነት ነው፤ ከአዲስ አበባ ግን ዝቅ ትላለች። አየሩ ሲሳሳ በዚያ ፍጥነት ዋናው ተቃዋሚ የሆነው ነፋስ ይቀንሳል። ጸሐፊው እዚህ ላይ አልተሳሳቱም። ነገር ግን ያንኑ አየር በዚያ ትራክ የሮጡ ሁሉ ተንፍሰውታል፤ ክብረ ወሰኑን የሰበረችው እሷ ናት። ታኅሣሥ 17 ቀን 2016 ደግሞ በኦደር ወንዝ ዳር ባለችው በጀርመኗ ፍራንክፈርት፣ ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ በማትል ሜዳማ ከተማ፣ በሩጫ ተነሥታ 500 ሜትሩን በ28.970 ሰከንድ ጨርሳ የዓለም ክብረ ወሰን አስመዝግባለች። እዚያ ቀጭን አየር የለም።

የ200 ሜትሩ ክብረ ወሰን ስድስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ መስከረም (ሴፕቴምበር) 2019፣ ካናዳዊቷ ኬልሲ ሚቸል ኮቻባምባ፣ ቦሊቪያ ላይ 10.154 ሮጣ ሰበረችው፤ ያ ከተማ ከአጓስካሊየንቴስም ይበልጥ ከፍ ያለ ነው። በዚያን ጊዜ ፎግል የኤርፉርት ከተማ ምክር ቤት ተመራጭ ሆና ሥራ ከጀመረች ጥቂት ወራት ተቆጥረው ነበር።